ተሸካሚ የሚለካ ሶፍትዌር ለዩኒየን መጋዘን ያዋጣል ወይ?

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦

«ቡሬ አካባቢ ባለ የኅብረት ሥራ ዩኒየን የመጋዘን ኃላፊ ነኝ። ሦስት መጋዘን አለን። ክረምት ሲቃረብ ማዳበሪያ፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ ደግሞ በቆሎ እናስገባለን። የምናሠራው በጫኝና አውራጅ ማኅበር ነው፤ ክፍያው በኩንታል ነው። ተሳቢ መኪና አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውላል። ቦርዱ የእያንዳንዱን ተሸካሚ ሥራ የሚለካ የውጭ ሶፍትዌር ከነስካነሩ እንድንገዛ ሐሳብ አቅርቧል። የትኛውን ይመክሩናል?»

እንደምን ሰነበቱ። መልሴን ከፊት ላስቀምጠው፦ ተሸካሚውን የሚለካውን አይግዙ። እርስዎን የሚያስፈልግዎ መኪናውን የሚለካ ነው፤ ለመጀመሪያው ዓመት ደግሞ ይህ ከአንድ ስልክና ከኤክሴል ብዙም አያልፍም። ቦርዱ ፊት ቆመው የሚከራከሩት እርስዎ ስለሆኑ ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ እጽፋለሁ።

ገበያው ላይ ሁለት ዓይነት ሶፍትዌር ጎን ለጎን ይሸጣል፤ ሻጮችም ልዩነቱን ለማስረዳት ብዙም አይቸኩሉም። አንደኛው የመጋዘን አስተዳደር ሶፍትዌር ነው። ዕቃው የትኛው ቁልል ላይ እንዳለ፣ ምን ያህል እንደገባና እንደወጣ ይይዛል፤ ዛሬ በቢን ካርድ (የቁልል መዝገብ)፣ በሞዴል 19 (የገቢ ደረሰኝ) እና በሞዴል 22 (የወጪ ሰነድ) የምትሠሩት ሥራ ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ቦርዱ የሰማው፣ የሰው ኃይል ምርታማነት መቆጣጠሪያው ነው። ይኼኛው የሚከታተለው ሰውየውን ነው፦ ለዚህ ሥራ ስንት ደቂቃ ይበቃው ነበር፣ ስንትስ ፈጀበት? ማንሃታን፣ ብሉ ዮንደርና ኤስኤፒ የሚሸጧቸው ትልልቅ ጥቅሎች ሁለቱንም ይይዛሉ፤ ክፍያቸው በየዓመቱ በውጭ ምንዛሪ ነው፣ ተከላውና ሥልጠናው ለብቻው ይታሰባል።

የሁለተኛው አሠራር እንዲህ ነው። መሐንዲስ ሥራውን ይበታትነዋል፦ ጎንበስ ማለት፣ ማንሳት፣ መሄድ፣ ማስቀመጥ፣ መመለስ። ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ጊዜ ይቆረጥለታል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተቀመረው ኤምቲኤም የተባለ ዘዴ አንድ ሰዓትን መቶ ሺህ ቦታ ከፍሎ ይቆጥራል፤ አንዷ ክፍልፋይ 0.036 ሰከንድ ናት። ድምሩ ላይ ለድካምና ለግል ጉዳይ የሚሆን ጊዜ ሲታከልበት መለኪያ ጊዜ ይሆናል። ሠራተኛው ዕቃውን በስካነር (ባርኮድ በሚያነብ መሣሪያ) በነካ ቁጥር ሶፍትዌሩ ሰዓቱን ይዞ ከመለኪያው ጋር ያስተያያል።

ከዚያ ሦስት ቁጥሮች ይወጣሉ። መለኪያው 100 ደቂቃ የሚለውን ሥራ በ125 ደቂቃ የጨረሰ ሰው ፍጥነቱ 80 በመቶ ነው። ከተከፈለበት 8 ሰዓት ውስጥ ሥራ ላይ የነበረው 6 ሰዓት ከሆነ አጠቃቀሙ 75 በመቶ ነው። ሁለቱ ሲባዙ 60 በመቶ ይመጣል፤ ሥራ አስኪያጆች ዳሽቦርድ ላይ፣ ማለትም ውጤቱ ተጠቃሎ በሚታይበት ገጽ ላይ፣ በቀይ የሚያዩት ይህን ነው። 60 በመቶውን ያመጣው የሰውየው እጅ ይሁን የመጋዘኑ ሥርዓት ቀዩ ቁጥር አይነግርም፤ ሁለቱን ለያይቶ ማየት ያስፈልጋል። ብዙው ሰው ግን አይለያይም።

አሁን ዋናው ነገር። ይህ ሁሉ የተሠራው በሰዓት ለሚከፈለው ሠራተኛ ነው። አሠሪው የገዛው ሰዓት ስለሆነ ሰዓቱ የት እንደገባ ማወቅ ይፈልጋል። የእናንተ ተሸካሚዎች የሚሸጡላችሁ ኩንታል ነው። ቀስ ብሎ የሠራ ተሸካሚ ከዩኒየኑ ሣንቲም አይወስድም፤ የሚጎድለው ከራሱ ኪስ ነው። እንዲፈጥን የሚያደርገው ክፍያ አስቀድሞ ውሉ ውስጥ አለ፤ ቦርዱ ያንኑ ግፊት በዶላር ደግሞ ሊገዛው ነው። ማኅበሩ ሲያወርድ ቆሞ ያየ ሰው ያውቀዋል፦ ተሳቢው ከተከፈተ በኋላ የሚያስፈልገው «ቀስ በሉ» የሚል ካቦ ነው።

ታዲያ መኪናው ለምን ይውላል? አንድ ስሌት እንሥራ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፣ የራስዎን ይተኩባቸው። 400 ኩንታል የጫነ ተሳቢ በ50 ኪሎ ከረጢት ሲቆጠር 800 ከረጢት ነው። አሥር ሰው ያለው ቡድን በሁለት ሰዓት ተኩል ቢያወርደው ለአንድ ሰው በሰዓት 32 ከረጢት ይደርሰዋል። መኪናው ግን በር ከገባ እስከ ወጣ 7 ሰዓት ቆየ እንበል። ሶፍትዌሩ ተሳክቶለት ሰዎቹ በ20 በመቶ ቢፈጥኑ ማውረዱ ከ150 ደቂቃ ወደ 125 ይወርዳል፤ 25 ደቂቃ አተረፋችሁ። ከማውረዱ ውጭ ያለውን አራት ሰዓት ተኩል በግማሽ ብትቀንሱት ግን ትርፉ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው። ለዚህኛው ማንም ሰው እርምጃውን ማፍጠን የለበትም።

ይህ አራት ሰዓት ተኩል ማንም መዝገብ ላይ የለም። በኩንታል ሲከፈል የመጠበቁ ኪሣራ የሚያርፈው ተሸካሚው ላይ ነው፤ ጥላ ሥር ተቀምጦ ለሚያሳልፈው ሰዓት የሚከፍለው የለም። ሾፌሩና ባለመኪናውም የድርሻቸውን ይቀምሳሉ። ዩኒየኑ በደረሰኝ ስለማይከፍለው አያየውም፤ ሆኖም ይከፍለዋል። ባለመኪናው በሚቀጥለው ጊዜ ለቡሬ መንገድ ዋጋ ሲጠራ ቆሞ የሚውልበትን ቀን አስልቶ ነው የሚጠራው። ማኅበሩም የኩንታል ዋጋ ለመደራደር ሲቀመጥ ያንኑ ያደርጋል። በየዓመቱ «ተሸካሚ ተወደደብን» የምትሉት ውስጥ የመጠበቂያ ዋጋ እንዳለበት እጠረጥራለሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራዎ ለእያንዳንዱ መኪና ስድስት ሰዓቶችን መያዝ ይሁን፦ በር የገባበት፣ ሰነዱ የታየበት፣ ከሚዛን የወረደበት፣ የመጀመሪያው ከረጢት የወረደበት፣ የመጨረሻው ከረጢት የወረደበት፣ ሞዴል 19 ተፈርሞ በር የወጣበት። በዚያ ላይ ስንት ሰው እንዳወረደና የትኛው ቁልል ላይ እንደተራገፈ። ሌላ አይጨምሩ፤ ቅጹ በረዘመ ቁጥር የበር ጠባቂው ማታ ላይ ከራሱ እየፈጠረ ይሞላዋል። ሥራው መሐል ላይ ሲቆም ደግሞ ምክንያቱ ከአጭር ዝርዝር ይመረጥ፦ ዝናብ፣ ሰነድ፣ ሚዛን፣ የቁልል ቦታ፣ የእርጥበት ምርመራ፣ ቆጣሪ፣ መብራት፣ ምሳ። «ሌላ» የሚል ምርጫ አያስገቡ። ካስገቡት በሁለት ሳምንት ውስጥ ምክንያቱ ሁሉ «ሌላ» ይሆናል።

ምን እንደሚያገኙ አስቀድሜ መናገር ያስደፍረኛል፤ የእህልና የማዳበሪያ መጋዘን በየቦታው ይመሳሰላል። አንዱ ፊርማ ነው። ሞዴል 19 የሚፈርመው ንብረት ክፍል አንድ ሰው ነው፣ ቁልፉም እሱው ጋ ነው፣ እሱ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው። ይህን ሶፍትዌር አይፈታውም፤ በደብዳቤ የተወከለ ሁለተኛ ፈራሚ ይፈታዋል። ሌላው የቁልል ቦታ ነው። በቆሎ ከመሬት ከፍ ብሎ ፓሌት ላይ፣ ለመድኃኒት ርጭትና ለቁጥጥር ሰው የሚያሳልፍ ቦታ ከግድግዳው ተትቶለት መደርደር አለበት። ፓሌቱ የሚደረደረው መኪናው ከቆመ በኋላ ከሆነ ያ ጊዜ «ማውረድ» ተብሎ ይመዘገብና ተሸካሚው ሰነፍ ይመስላል። ከዋዜማው ማታ ሁለት ሰው መድቦ ማዘጋጀት ይበቃል።

ሦስተኛው ከበድ ይላል፦ መኪናዎች ተጠራቅመው መድረሳቸው። ከጅቡቲ ተነስቶ ዓባይ በረሃን የሚሻገር ከባድ መኪና በቀጠሮ አይደርስም፤ ሲደርስም ከጓደኞቹ ጋር ነው። አምስት ተሳቢ በአንድ ጠዋት ቢገባና ሁለት ቡድን ቢኖርዎ፣ ሦስተኛውና አራተኛው መኪና የሚከፈቱት ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ነው፣ አምስተኛው ከአምስት ሰዓት በኋላ። ተሸካሚው ነብር ቢሆንም ይህ አይለወጥም። የሚለውጠው ስልክ ነው። ሾፌሩ በረሃውን ወጥቶ ደጀን ሲደርስ ቢደውልልዎ ሦስተኛ ቡድን ለመጥራት፣ ወይም አንዱን መኪና በቀጥታ ወደ መሠረታዊ ማኅበሩ (የዩኒየኑ አባል ወደሆነው የገበሬዎች ማኅበር) መጋዘን ለማዞር ሰዓታት በእጅዎ አሉ። ማዳበሪያ ቡሬ ወርዶ፣ ተደርድሮ፣ በሳምንቱ እንደገና ተጭኖ ወደ ቀበሌ ሲሄድ አንዱን ከረጢት ሁለቴ ከፍለውበታል። በቀጥታ ሊሄድ የሚችለውን በቀጥታ መላክ፣ ከማውቀው የጉልበት ቁጠባ ሁሉ ትልቁ ነው፤ ከየትኛውም ዳሽቦርድ ላይ ግን አያገኙትም፣ ምክንያቱም ሶፍትዌሩ ያልተሠራ ሥራን አይቆጥርም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ መለኪያ ጊዜ ጭራሽ አያስፈልግም እያልኩ እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። ያስፈልጋል፤ ግን ነገ ስንት ሰው እንደሚፈልጉ ለማቀድና የኩንታል ዋጋውን በማስረጃ ለመደራደር። ከላይ ባለው ምሳሌ 10 ሰው በሁለት ሰዓት ተኩል 25 የሰው ሰዓት ይሆናል፤ ለአንድ ተሳቢ ማለት ነው። ነገ ሦስት ተሳቢ ከተጠበቀ 75 የሰው ሰዓት ያስፈልጋል። አንድ ሰው በቀን ከልቡ የሚሸከመው 6 ሰዓት ነው ብለው ቢያስቡ 13 ሰው ይበቃዎታል። ቁልሉ ሩቅና ከፍ ያለ ሆኖ ሥራው አንድ ተኩል እጥፍ ከሆነ ግን 19 ሰው ይፈልጋሉ። «ሁለት ቡድን ይምጣ» ከማለት ይህ ይሻላል።

መለኪያውን ለማውጣት 0.036 ሰከንድ ድረስ መውረድ አያስፈልግም። ርቀቱን ቅርብና ሩቅ፣ ቁልሉን ዝቅና ከፍ፣ ከረጢቱን 50 እና 100 ኪሎ ብለው ይከፋፍሉ። ለእያንዳንዱ ዓይነት ጥቂት መኪናዎችን በሰዓት ይያዙ፤ የሚያቋርጥ ነገር ሲኖር ሰዓቱን ያቁሙ። የማዳበሪያ ላስቲክ ከረጢት ትከሻ ላይ ያንሸራትታል፣ ጆንያ ይይዛል፤ ይህም ልዩነት እንዳለው ያያሉ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኢንዱስትሪያል ምሕንድስና ትምህርት አለ፤ ተማሪዎቹ ደግሞ ለተግባር ልምምድ ቦታ ይፈልጋሉ። ለነሱ ጥሩ ሥራ ነው፣ ለእርስዎም ርካሽ።

እዚህ ላይ የእረፍትን ነገር ዘለል አድርጌ ማለፍ አልፈልግም። የሥራ ልኬት አባት የሚባለው ፍሬድሪክ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1899 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ቤተልሔም በተባለ የብረት ፋብሪካ 42 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ጥፍጥፍ ብረት የሚጭኑ ሠራተኞችን ለካ። አንዱን ሠራተኛ በቀን ከ12 ቶን ተኩል ወደ 47 ቶን ገደማ አደረስኩት፣ ደሞዙንም ከ1.15 ወደ 1.85 ዶላር አሳደግሁለት ብሎ ጻፈ። የታሪክ ተመራማሪዎች በኋላ መዛግብቱን ሲያገላብጡ ትረካው በብዙ ቦታ የተቀባባ ሆኖ አግኝተውታል። ነገር ግን ሰዎች ከዚያ ታሪክ የሚረሱት አንድ ነገር አለ፦ ራሱ ቴይለር ያንን ያህል ክብደት የሚሸከም ሰው ሸክም ላይ መሆን ያለበት ከቀኑ 43 በመቶውን ብቻ ነው፣ 57 በመቶውን ከሸክም ነፃ መሆን አለበት ብሎ ነበር። ባዶ እጁን የሚመለስበትም እዚያ ውስጥ ይቆጠራል። የፍጥነት ሰባኪ የሚባለው ሰው እንኳ ይህን ካለ፣ ሶፍትዌሩ ላይ የእረፍት መጠን የሚል ሣጥን ሲመጣ ሻጩ የሞላውን ትንሽ ቁጥር ዝም ብለው አይቀበሉ። ያ ቁጥር የተሞላው ካርቶን ለሚያነሳ ሰው ታስቦ ነው።

የክብደቱም ነገር እንዲሁ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ ጎልማሳ ወንድ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ በላይ ከሆነ ወደዚያ እንዲወርድ ይጠይቃል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተመራማሪዎች በእጅ ለማንሳት በተመቸ ሁኔታ እንኳ የሚነሱበት ቁጥር 23 ኪሎ ነው። እኛ ጋ በቆሎ እስካሁን በ100 ኪሎ ጆንያ ይገባል። 100 ኪሎ ላይ መለኪያ ጊዜ ማውጣት የአከርካሪ ጉዳትን በደቂቃ ማቀድ ነው። የበቆሎ አቅራቢዎቻችሁን ወደ 50 ኪሎ ከረጢት ማምጣት ከቻሉ ያንን አስቀድሙ። የከረጢት ወጪ ይጨምራል፤ ማኅበሩም በኩንታል ዋጋው ላይ ሊከራከር ይችላል፣ ጉዞው እጥፍ ሆኗልና። ቢሆንም ያዋጣል ባይ ነኝ።

ደግሞ ጾሙ አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ብዙው ተሸካሚ እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ አይቀምስም። ወቅቱ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሲሆን በቆሎ የሚወጣበትና ማዳበሪያ የሚገባበት ጊዜ ነው። ጥር ላይ፣ ገና አልፎ ሰው በልቶ ጠግቦ ሳለ የተለካ ቁጥር መጋቢት ላይ አይሠራም። ለጾም ወራት የተለየ መለኪያ ያውጡ፣ ወይም ከባዱን መኪና ጠዋት በማለዳ ይጨርሱት። በወሩ ውስጥ ማኅበሩ ሸክም የማይነካባቸውን የበዓል ቀኖችም ከካቦው ጋር ተቀምጠው ዝርዝራቸውን ያውጡ። የትኛውም የውጭ ሶፍትዌር ሚካኤልን ወይም ማርያምን አያውቅም፤ በ12ና በ21 «የሠራተኛ መቅረት» ብሎ ቀይ ይሰጥዎታል።

ወደ መሣሪያው እንምጣ። ለስድስቱ ሰዓቶች ኮቦ ወይም ኦዲኬ የሚባሉት የመረጃ መሰብሰቢያ ቅጾች ይበቃሉ። በአንድሮይድ ስልክ ይሠራሉ፣ በአማርኛ ይዘጋጃሉ፣ ኢንተርኔት በሌለበት ይመዘግቡና ኔትወርክ ሲገኝ ይልካሉ። ይህ የመጨረሻው እኛ አካባቢ የግድ ነው። ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ ያየ ሰው፣ ሰርቨሩ ውጭ አገር ሆኖ መስመር ሲቋረጥ አልከፈትም የሚል ሶፍትዌር አይገዛም። ውጤቱን ወደ ኤክሴል አውጥቶ ማየት ይቻላል። ከዚያ ሲያድጉ ኦዱን የመሰለ ነፃ እትም ያለው ሥርዓት ላይ የዕቃውን መዝገብ መትከል፣ የመኪናውን ሰዓት ከዚያ ጋር ማያያዝ ይቻላል፤ ይህን የሚሠሩ ወጣቶች ባሕር ዳርም አዲስ አበባም አሉ።

የትኛውንም ቢመርጡ ሦስት ነገሮች ያስቸግሩዎታል። ሰዓት አንዱ ነው። ሰው በእጁ «3 ሰዓት» ብሎ ከጻፈ ስልኩ ሌሊት 9 ሰዓት ነው ብሎ ይረዳዋል። ሰዓት በእጅ አይጻፍ፤ ቁልፍ ተጭኖ ስልኩ ራሱ ይያዘው፣ ሪፖርቱ ላይ ስድስት ሰዓት ተቀንሶ በእኛ አቆጣጠር ይታይ። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። የበጀት ዓመታችሁ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ የፈረንጆቹ ወር የእኛን ወር መሐሉን ይቆርጠዋል፣ ለጳጉሜን ደግሞ የተለየ ቦታ የለውም። ሦስተኛው ስም ነው። ኃይሉና ሀይሉ፣ ዓለሙና አለሙ ለሶፍትዌሩ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ሰው በስም ሳይሆን በቁጥር ይመዝገብ፤ ለእናንተ ደግሞ የቡድን ቁጥር ይበቃል።

ቡድን ያልኩት አውቄ ነው። ቦርዱ የእያንዳንዱን ሰው ውጤት ካልጠየቀ በቀር እንዳይሰጡ እመክራለሁ፤ ቢጠይቅም ይከራከሩ። ማውረድ የቡድን ሥራ ነው። ሁለቱ ከመኪናው ላይ ያሸክማሉ፣ ሌሎቹ ይሸከማሉ፣ አንዱ ቁልሉ ላይ ሆኖ ይደረድራል። ደርዳሪው አንድም ከረጢት ተሸክሞ አይመዘገብም፣ ያለ እሱ ግን ቁልሉ ይናዳል። ግለሰቡን መቁጠር ሲጀምሩ የሚደረድር ሰው ያጣሉ። ማኅበሩ ውስጥ ገንዘቡ እንዴት እንደሚከፋፈል የማኅበሩ ጉዳይ ነው፤ ለአዛውንቱም ለታመመውም እንዴት እንደሚያካፍሉ ያውቁበታል።

ሕጉም አለ። የማኅበር አባላት የእናንተ ተቀጣሪዎች ስላልሆኑ ግንኙነታችሁ በአገልግሎት ውል ነው የሚመራው። ዩኒየኑ ራሱ የሚቀጥራቸው የቀን ሠራተኞች ካሉ ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይመለከታቸዋል፦ መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያው ቀን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከማታ 4 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት አንድ ከሦስት አራተኛ፣ በሳምንት የእረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። የመኪናውን ሰዓት መያዝ ሲጀምሩ ማን በስንት ሰዓት ሥራ ላይ እንደነበረ በማስረጃ ይታወቃል፤ ይህንን የሒሳብ ክፍሉ አስቀድሞ ይወቀው። የሰው ስምና ውጤት የሚያከማቹ ከሆነ ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ።

ውጭ አገርም ቢሆን ነገሩ አከራካሪ ሆኗል። የፈረንሳይ የግል መረጃ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ አማዞን አገሪቱ ውስጥ ባሉት መጋዘኖች ሠራተኞቹን በሚከታተልበት መንገድ ምክንያት 32 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጥሎበታል። ስካነሩ ከ10 ደቂቃ በላይ ዝም ሲል ሠራተኛው ሥራ ፈት ተብሎ ይመዘገብ ነበር፤ ሁለት ዕቃ ከ1.25 ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ሲነካ ደግሞ ቸኩሏል ተብሎ። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2022 መግቢያ ጀምሮ መጋዘኖች የሚጥሉትን ኮታ ለሠራተኛው በጽሑፍ እንዲያሳውቁ፣ ኮታውም ምግብና ሽንት ቤት የሚከለክል እንዳይሆን በሕግ ደንግጋለች። ለቦርዱ ይህን ቢጠቅሱ አይከፋም፤ «ሠለጠነው ዓለም ይጠቀምበታል» የሚል ሰው ከመካከላቸው አይጠፋም።

ስለ ስካነሩ ባጭሩ፦ አይግዙ። የማዳበሪያ ከረጢት ሁሉም አንድ ነው፣ የየራሱ ቁጥር የለውም። 800 ከረጢት እያንዳንዱን በአምስት ሰከንድ ብትነኩ 67 ደቂቃ ይጨምራል፤ ለማዳን ካሰባችሁት 25 ደቂቃ በላይ ማለት ነው። ባርኮድ ካማራችሁ ቁልሉ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፋችሁ በስልክ ካሜራ አንብቡት።

ይልቅ ገንዘብ ማውጣት ካለባችሁ ቆጠራውና ክፍያው ላይ አውጡ። የሾፌሩ ዌይቢል (የጭነት ሰነድ)፣ የቆጣሪው ወረቀትና ሞዴል 19 እዚያው መኪናው ሳይወጣ ይመሳከሩ፤ ልዩነት ካለ ሦስቱም ሰዎች እዚያው እያሉ ይፈታ። ከዚያ የቡድኑ ሒሳብ በዕለቱ በቴሌብር ወይም በባንክ ለማኅበሩ ይግባ። ክፍያው ሳምንት የሚቆይበት መጋዘን ጥሩ ቡድን አይመጣለትም፤ የወቅቱ ጥድፊያ ሲመጣ ካቦው ቶሎ ወደሚከፍለው ነጋዴ ይሄዳል።

የውጩ ሶፍትዌር ፈጽሞ አይጠቅምም አላልኩም። ቡሬ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ያለ ፋብሪካ ካርቶን የሚያሽግ፣ በሰዓት የሚከፈል፣ በፓሌትና በፎርክሊፍት የሚሠራ የማከፋፈያ መጋዘን ቢኖረውና ቢጠይቀኝ መልሴ ሌላ ነበር። የእናንተም ዩኒየን ዱቄት ወይም ዘይት አሽጎ ማከፋፈል ከጀመረ እንደገና እንነጋገራለን። ያኔ ሻጩን የሚጠይቁት አራት ነገር ነው፦ መስመር ሳይኖር ስንት ቀን ይሠራል? መረጃው በፈለግሁ ጊዜ ሙሉ በሙሉ በኤክሴል ይወጣልኛል? ውሉ ሲያበቃ መረጃው የማን ነው? የእረፍቱን መጠንና የሥራ ቀኖችን ዝርዝር እኔ ራሴ መለወጥ እችላለሁ? አንዱንም «በሚቀጥለው እትም» የሚል ከሆነ ውሉን አይፈርሙ።

ለቦርዱ ስብሰባ የሁለት ወር የመኪና ሰዓት በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ይዘው ይግቡ። ከመጀመርዎ በፊት ግን ቅጹን የማኅበሩ ሊቀ መንበርና ካቦዎቹ ይዩት፣ ምን እንደሚመዘገብና ምን እንደማይመዘገብ ከእርስዎ አፍ ይስሙ። ሦስቱ መጋዘኖች የሚጠቀሙት አንድ በር ነው ወይስ የየራሳቸው አላቸው? የመኪና ሚዛኑስ ግቢ ውስጥ ነው? እነዚህን ሁለቱን ይንገሩኝና ቅጹን በዚያው ልክ በአማርኛ አዘጋጅቼ እልክልዎታለሁ።